የእኩል ምልክት ወርቅ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት በፕሮግራሚንግ መግቢያ ኮርስ ወደቅሁ። መምህሩ በሰሌዳው ላይ «ኤክስ = ኤክስ + 1» ብለው ጻፉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሒሳብ የተማረው ልቤ «ይህ ሐሰት ነው» አለ፤ አፌ ግን ዝም አለ። በቤታቸው ኮምፒውተር የነበራቸውን ልጆች ሣቅ ፈርቼ ነበር። በዚያች መስመር ላይ ሉፕ ተደረበ፤ በሉፑ ላይ ደግሞ ሌላ ሉፕ። መሠረቱን የሳትሁ እኔ ጣሪያውን ስሸመድድ ከረምሁ፤ በመጨረሻም የትምህርት ክፍል ቀየርሁ።

ዋትሰንና ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ከ15 አገሮች ያሰባሰቡት መረጃ፣ በእንዲህ ያሉ ኮርሶች በአማካይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ እንደማያልፍ ያሳያል። ይህ ሁሉ ስንፍና ነውን?

ዛሬ በባንክ መስኮት ተቀምጬ ገንዘብ እቀበላለሁ። የቀድሞው ቀሪ ሒሳብ ከገቢው ጋር ይደመርና በዚያው ስፍራ አዲስ ቀሪ ይሆናል። ለካ ያ ምልክት «እኩል ነው» ሳይሆን «የቀኙን አስልተህ በግራው አኑር» ማለት ኖሯል! ሰሙን ይዤ ወርቁን ስቼ ነበር።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ያንኑ ኮርስ ጀምራለች። ትናንት ማታ ደውላ «ወንድምጋሼ፣ አልገባኝም» አለችኝ።

«መምህርሽን ጠየቅሽ?» አልኋት።

ዝም አለች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ።