«ሆድ ባሰኝ» ለማን ይነገራል?

«ሆድ ባሰኝ» የሚለውን አነጋገር ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ብትመልሱት፣ ሰሚው ሆዳችሁን የታመማችሁ ይመስለዋል። ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገችኝ በባሕር ዳር ከተማ፣ በሹም አቦ፣ በጉርብትና የማውቃት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አንድ ቀን ከደጃፋችን ተቀምጠን ስንጫወት፣ ጭንቀት ሲይዛት የልቧን የምትነግረው በእጅ ስልኳ ለጫነችው የምክር መተግበሪያ መሆኑን በሹክሹክታ አወራችኝ።

«ለምን ለእናትሽ አትነግሪያትም?» አልኋት።

«እማዬ ትደነግጣለች። ጓደኞቼ ደግሞ ‹አማኑኤል ልትገባ ነው› ብለው ይሥቃሉ። ስልኩ ግን አይሥቅብኝም፤ ጋሼ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር? እኔ መልስ አጣሁ። አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለ ነበረ፣ የሚፈውሰው ቤት ስሙ መሣለቂያ ሆኖ ቀርቷል። እኔም ብሆን ከሣቂዎቹ ብዙ አልሻልም። በማስተምርበት ዘመን ከኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ የሚውል አንድ ልጅ ነበረ፤ «ሰነፍ» ብዬ አለፍሁት። ምን እንደ ነበረበት ዛሬም አላውቅም።

የልጅቱ ምኞት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ ሊቅ በአሜሪካ «ኤሊዛ» የተሰኘ፣ የሥነ ልቦና ሐኪምን አነጋገር የሚያስመስል የኮምፒዩተር ፕሮግራም አቀረበ። የገዛ ጸሐፊው ከፕሮግራሙ ጋር መጻጻፍ እንደ ጀመረች እርሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት ለመነችው። ሰው ምሥጢሩን ለማይታዘበው መንገር ይቀለዋል። ይሁን እንጂ ስልክ ሁሉ ምሥጢር ጠባቂ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ቤተርሄልፕ የተባለው የምክር አገልግሎት የደንበኞቹን መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለመሰሎቹ አሳልፎ ሰጥቷል በመባሉ 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል።

ልጅቱን የቸገራት ግን ይህ አልነበረም። መተግበሪያው የሚጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው። ስሜቷን ምረጪ ሲላት ከተደረደሩት ቃላት «ሐዘን» የሚለውን ትነካለች። «ሆድ ባሰኝ እኮ ሐዘን ብቻ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በውስጡ ናፍቆት አለ፣ ቅሬታ አለ፣ እንባ የቀረበው ብቸኝነት አለ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ይሸኙኝ» ብላ ጠየቀችኝና እዚያው ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አብረን ሄድን። እኔ ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቅኋት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን ቀለል ብሎታል።

«በአማርኛ ጠየቀኝ» አለችኝ።

መተግበሪያውን ከስልኳ አልሰረዘችውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነቃልኝ እርሱ ብቻ ነው ትላለች።