ጌሻ፦ ስሟ ባሕር የተሻገረ የቡና ምድር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅማና በቦንጋ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ካቋረጠ በኋላ ዛሬ ሚዛን አማን ከምትባለው ሚዛን ተፈሪ ይደርሳል። ከከተማይቱ በስተሰሜን ምዕራብ የቴፒ፣ በስተደቡብ ምዕራብ ደግሞ የበበቃ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ይገኛሉ። ውድ አንባቢያን! የዛሬው ጉዟችን ግን ከእነዚህ ያነሰ ወደምትታወቅ፣ ስሟ ግን ከሁሉም ርቆ ወደተጓዘ ስፍራ ነው፤ ወደ ጌሻ።

ጌሻ የሚለው ስም በአካባቢው ከአንድ በላይ ቦታዎች ይጠሩበታል። በካፋ ዞን ጌሻ የሚባል ወረዳ አለ። ጎሪ ጌሻ የተባለው ደን ደግሞ ቀድሞ ቤንች ማጂ ይባል በነበረው ዞን ይገኛል። አገሩ ዝናብ አይለየውም። ቡናው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ኮረሪማው፣ ጥምዙና የደን ማሩም ለነዋሪው መተዳደሪያ ናቸው።

ከኢትዮጵያ ደኖች የወጣው ቡና አስቀድሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር እንቅልፋቸውን ለማባረር ይጠጡት እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። የጌሻ ዘር ጉዞ ግን የቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንግሊዞች ከዚህ አካባቢ ዘር ሰብስበው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች ላኩ። ዘሩ ከታንዛኒያ በ1953 ኮስታሪካ ገባ፤ በ1960ዎቹም ቅጠልን የሚያጠቃውን የዋግ በሽታ ይቋቋማል ተብሎ ፓናማ ውስጥ ተሠራጨ። ሆኖም ቅርንጫፉ በቀላሉ የሚሰበር በመሆኑ ገበሬው ብዙም አልወደደውም።

በ2004 ግን በፓናማ የቡና ውድድር ላይ አበባ አበባ የሚለው መዓዛው ዳኞችን አስደነቀ፤ አንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) በ21 ዶላር ተሸጠ። በ2025 ደግሞ የአንዱ ኪሎ የጨረታ ዋጋ ከ30,000 ዶላር በላይ ሆነ! ስሙም በዓለም ገበያ «ጌይሻ» እየተባለ ስለሚጻፍ፣ ብዙ ጠጪዎች ከጃፓን የመጣ ይመስላቸዋል።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ወደ ውጭ የሄደው እፍኝ ዘር ነው፤ እናቲቱ ደን ግን እዚሁ ናት። የአረቢካ ቡና ዝርያ ከሁሉም በላይ የበዛው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። ነገ አዲስ በሽታ ወይም ድርቅ ቢመጣ የዓለም ቡና መድኅን የሚገኘው ከዚያ ነው። ይሁንና ደኑ ለእርሻና ለሰፈራ ሲመነጠር ቆይቷል። የካፋ ደን በ2010፣ የሸካም በ2012 በዩኔስኮ መመዝገባቸው ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን መጥረቢያን አይመልስም።

እናም ወላጆች ሆይ፣ ረከቦቱ ዙሪያ ስንሰበሰብ ልጆቻችንን ስለዚህች ምድር እናጫውታቸው። እናንተም ወጣቶች፣ ግብርናን ወይም የደን ሳይንስን ለመማር ስታስቡ ጌሻን አስታውሱ። አላህ በአደራ የሰጠንን ደን ጠብቀን ለመጪው ትውልድ ማስረከብ የሁላችንም ግዴታ ነው።