የሶም ምሽጎችና የሲኒማው ጦርነት

ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሳስተምር ሁለት ቁራጭ ፊልሞች አሳይቻቸው ነበር። ሁለቱም «የሶም ጦርነት» ከሚባለው፣ እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ካነሡት ፊልም የተወሰዱ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በአንደኛው ወታደሮች ከምሽግ እየወጡ ሲሮጡ፣ አንዱም አፋፉ ላይ እንደ ደረሰ ተመትቶ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ይታያል። በሁለተኛው ደግሞ ራቅ ባለ ተረተር ላይ እንደ ጉንዳን ያነሱ ሰዎች ሲንቀሳቀሱ በጭንቅ ይለያል። «ከሁለቱ በውነተኛ ውጊያ ላይ የተነሣው የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ከሦስት ልጆች በቀር ክፍሉ በሙሉ «የመጀመሪያው» አለ።

የመጀመሪያው ግን ከግንባሩ ኋላ በሚገኝ የጦር ማሠልጠኛ ስፍራ በትእዛዝ የተሠራ ትርኢት ነው። አስተውሎ ላየው ሰው ወታደሮቹ የጉዞ ስንቅና ትጥቃቸውን አልተሸከሙም፤ ከሽቦው አጠገብ «ከሞቱት» አንዱም እንዲመቸው ብሎ እግሩን ሲያነባብር ይታያል። በውጊያው ቀን፣ በውጊያው ስፍራ የተነሣው ሁለተኛው ነው። ይህን ስነግራቸው አንድ ልጅ ተነሥቶ «መምህር፣ ታዲያ የሁለተኛው ምኑ ጦርነት ነው? ምንም እኮ አይታይም» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በክረምቱ ዕረፍት ለአጭር ትምህርት ወደ ፓሪስ የመሄድ ዕድል ስላገኘሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ከሰሜኑ ጣቢያ ባቡር ተሳፈርሁ። አሚየን ላይ ባቡር ለውጬ አልቤር ከምትባለው ትንሽ ከተማ ደረስሁ። በቤተ ክርስቲያኗ ጕልላት ላይ ልጇን ከፍ አድርጋ የያዘች፣ በወርቅ ቀለም የምታበራ የእመቤታችን ሐውልት ቆማለች። በ1915 መጀመሪያ የጀርመን መድፍ መትቷት ወደ አደባባዩ ዘንበል ብላ ቀርታ ነበርና፣ ወታደሮቹ «እርሷ የወደቀች ቀን ጦርነቱ ያልቃል» ይሉ ነበር አሉ። በ1918 ሚያዝያ ላይ የእንግሊዝ መድፍ ጣላት፤ ጦርነቱ ግን ያለቀው እስከ ኅዳር ቆይቶ ነው። አሁን ያለችው በኋላ የተሠራች ናት።

ከአልቤር እስከ ቦሞን አሜል ድረስ በእግሬ ለመሄድ ቈረጥሁ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። አገሩ ረባዳና ተረተር እየተፈራረቀበት በስንዴና በሹገር ቢት ማሳ የተሸፈነ ነው። ለአርሲ ሰው እንግዳ የሚሆንበት አይመስለኝም። እንግዳ የሚሆንበት ነገር ቢኖር ማሳው ዳር፣ ከስልክ እንጨት ሥር ተጋድሞ ያየሁት የዛገ የመድፍ ጥይት ነው። ገበሬዎቹ እያንዳንዱ የእርሻ ወራት የሚያወጣላቸውን ይህን ብረት መንገድ ዳር ያኖሩታል፤ ፈንጂ የሚያመክኑ የመንግሥት ሰዎችም መጥተው ያነሡታል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ገና አላለቀም።

ቦሞን አሜል የኒውፋውንድላንድ ሰዎች መታሰቢያ ነው። ኒውፋውንድላንድ ዛሬ የካናዳ ክፍል ብትሆንም (የተቀላቀለችው በ1949 ነው)፣ በዚያን ጊዜ ግን ራሷን የቻለች የእንግሊዝ ግዛት ነበረች። ቦታውን በ1921 ገዝታ፣ ምሽጎቹ እንዳሉ እንዲቀመጡ አደረገች። በ1925ም ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ምሽጎቹ ሣር ለብሰው፣ አፋፋቸው ተንዶ ተድበልብሎ፣ ልክ እንደ ዳነ ቁስል ጠባሳ ሆነው ይታያሉ። በስተላይ በኩል የአጋዘን ሐውልት ፊቱን ወደ ጀርመኖች ምሽግ አዙሮ ቆሟል።

ጎብኚዎችን የሚመሩት ካናዳውያን ተማሪዎች ናቸው። የእኔን ቡድን የመራችው ልጅ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ምንድን ነው ብላት «ይኸው ብቻ ነው? ይላሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ልለው ነበር። ከእንግሊዞቹ የፊት ምሽግ እስከ ጀርመኖቹ ድረስ እያዘገምሁ ብሄድ ስድስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። በሲኒማ ያየሁት «የማንም ያልሆነ መሬት» ግን እንደ አፋር በረሃ ማለቂያ የሌለው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሲኒማው ሁልጊዜ ጭቃ ነው፣ ሁልጊዜ ዝናብ ነው። ጁላይ 1 ቀን 1916 ግን ሰማዩ የጠራ፣ ፀሐይ የሞላበት ጧት ነበር። አፈሩም ነጭ ኖራ ስለ ሆነ፣ አዲስ የተቆፈረ ምሽግ ከሩቅ እንደ ነጭ መስመር ይታያል። (ጭቃው መጸው ሲገባ መጥቷል፤ ያውም ክፉ ጭቃ።) በዚያ ብርሃን፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ፣ የኒውፋውንድላንድ ሻለቃ ከጧቱ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ እንዲነሣ ታዘዘ። ወደ ፊት የሚያደርሱት ቦዮች በሬሳና በቁስለኛ ስለ ተዘጉ፣ ከኋላው ምሽግ ወጥተው ሜዳ ለሜዳ ሄዱ። ብዙዎቹ ከራሳቸው የፊት ምሽግ ሳይደርሱ በመትረየስ ተመቱ። 800 ያህል ሰዎች ተነሥተው፣ በማግስቱ ስም ሲጠራ «አቤት» ያሉት 68 ብቻ ናቸው። በዚያ ቀን በመላው ግንባር የእንግሊዝ ሠራዊት ጕዳት 57,470 ሲሆን፣ ከነዚህ ውስጥ 19,240 ሞተዋል።

ከራሱ ምሽግ ሳይደርስ የሚሞት ሰው ለፊልም አዘጋጅ ምን ይጠቅመዋል? ጠላቱን አላየም፤ አልተኰሰም፤ ታሪኩም አልተጀመረም።

ከምሽጉ ገብቼ ተራመድሁ። በየጥቂት እርምጃው ይታጠፋል። የተቆፈረው እንዲህ እየተጠማዘዘ የሆነው ጥይት በቀጥታ እንዳይጠርገው፣ ቦምብም ቢወድቅ ፍንጣሪው ከአንዱ ማዕዘን እንዳያልፍ ነው። ስለዚህ በምሽግ ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን አፈር፣ አጠገቡ ያሉትን ጥቂት ጓደኞቹንና ከራሱ በላይ ያለውን ቅዳጅ ሰማይ ነው። የተማሪዬ «ምንም አይታይም» ማለት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ በመሳቄም አፈርሁ። ካሜራ ግን ማየት ሥራው ነው። ስታንሊ ኩብሪክ በ1957 «የክብር መንገዶች» በሚለው ፊልሙ ኮሎኔሉን በምሽግ ውስጥ ሲያራምደው፣ ካሜራው ፊት ለፊቱ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይሄዳል፤ ለዚያ መንገድ ያስፈልጋል። ሳም ሜንዴስም በ2019 «1917» የተባለውን ፊልም ሳይቈረጥ አንድ ወጥ መስሎ እንዲታይ ሲያነሣ፣ በእንግሊዝ አገር አንድ ማይል ያህል ምሽግ አስቈፍሯል። ይህን ፊልም አላጣጥልም፤ መጨረሻው ላይ ያለው ነጭ የኖራ ምሽግ እኔ በቦታው ያየሁት አፈር ነው፣ ተማሪዎቼንም ያነቃቸው እርሱ ነው። ነገር ግን ጀግናው ሁልጊዜ ይሄዳል። ከምሽግ ኑሮ አብዛኛው መቀመጥ፣ መጠበቅና አሸዋ የተሞላ ጆንያ መደርደር ነበር።

ከመታሰቢያው ወጣ ብሎ ሆውቶርን የሚባለው ተረተር ላይ ትልቅ ጕድጓድ አለ። እንግሊዞች ከጀርመኖች ምሽግ ሥር ዋሻ ቈፍረው 18 ቶን ያህል ፈንጂ ቀብረው ነበር። ያን ጧት 1 ሰዓት ከ20 ላይ ሲፈነዳ ጄፍሪ ማሊንስ የሚባለው ካሜራ አንሺ ቀረጸው። በፊልሙ ውስጥ ምድሪቱ እንደ ቦካ ሊጥ ታብጥና በድንገት ወደ ሰማይ ትተኰሳለች። እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ጦርነት በሚወጣ ፊልም ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ሥዕል አይቀርም። የሚያሳዝነው ግን የማጥቂያው ሰዓት 1 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። አዛዦቹ ጕድጓዱን አስቀድመው ለመያዝ ብለው ፈንጂውን ዐሥር ደቂቃ ቀደም አድርገው አፈነዱት። ለካሜራ ብለው አልነበረም፤ ነገር ግን ሰባት ቀን ሙሉ በመድፍ ሲደበደቡ ከመሬት በታች ጠልቀው የቆዩት ጀርመኖች ሰዓቱ መድረሱን ዐውቀው መትረየሳቸውን ይዘው ወጡ። ከጕድጓዱ አፋፍ ቆሜ ይህን ሳስብ፣ ያን ሥዕል በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ «እዩ፣ እዩ» እያልሁ እንዳሳየሁት ትዝ አለኝ።

ስለ «በምዕራብ ግንባር አዲስ ነገር የለም» ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሬማርክ መጽሐፍ ልጁ የሚሞተው በጥቅምት 1918፣ የጦሩ ዜና ጸጥታ ነው ብሎ በሚያስተላልፈው ቀን ነው፤ የመጽሐፉም ስም የመጣው ከዚያ ነው። ሉዊስ ማይልስቶን በ1930 ባወጣው ፊልም መጨረሻ ላይ እጅ ወደ ቢራቢሮ ሲዘረጋ እናያለን፣ አንድ ተኩስ እንሰማለን፤ ይበቃል። በ2022 የወጣው የጀርመኖቹ ፊልም ግን የተኩስ ማቆሚያው ሰዓት ሊደርስ ደቂቃዎች ሲቀሩት ትልቅ ጥቃት አድርጎ ልጁን እዚያ ይገድለዋል። አራት ኦስካር ተሸልሟል፤ ሥዕሉም እጅግ ያማረ ነው። ግን በዚያ ቀን አዲስ ነገር ነበረ ማለት ነው።

ወደ ማታ ግድም «ጠላቃ መንገድ» ከሚባለው ደረስሁ። በሁለቱ ምሽጎች መካከል የሚያልፍ፣ ግራና ቀኙ አፋፍ የሆነ የገጠር መንገድ ነው። የላንካሻየር ወታደሮች በዋሻ አልፈው እዚህ አድብተው ሲጠብቁ ማሊንስ ደርሶ ቀርጿቸዋል። ከአፋፉ ሥር ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ይሥቃል፣ አንዳንዱ ካሜራውን ትክ ብሎ ያያል፣ አንዱ የሚያየው ነገር የለም። ትርኢት የሚባል የለበትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአፋፉ ወጥተው ብዙዎቹ እዚያው ሜዳ ላይ ቀሩ። ፊልሙ በዚያው ነሐሴ ለንደን ሲከፈት በስድስት ሳምንት ውስጥ 20 ሚሊዮን ያህል ትኬት እንደ ተሸጠ ይገመታል፤ ከተመልካቾቹም ብዙዎች የመጡት የዘመዳቸውን ፊት ፍለጋ ነበር።

ሥዕሉን በእጅ ስልኬ አውጥቼ ከአፋፉ ጋር ሳስተያይ፣ የተቀመጡበትን ቦታ የማገኝ መስሎኝ ወዲያና ወዲህ ስል፣ አንድ መኪና ቆመና ባልና ሚስት ወረዱ። ሰውየው በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶኝ «1917 የተነሣው እዚህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የተነሣው እንግሊዝ አገር መሆኑን ነገርሁት። አመስግነውኝ ወደ መኪናቸው ተመለሱ።