የቤት ሰርቨር በውጭ አገርና በአገር ቤት

የቤት ሰርቨር የሚባለው፣ ብዙ ሰው በጉግል ወይም በአፕል ክላውድ ላይ የሚያኖራቸውን ፎቶዎች፣ ሰነዶችና ፊልሞች በባለቤቱ ቤት አኑሮ ለቤተሰቡ ስልክና ላፕቶፕ የሚያቀርብ፣ ሌት ተቀን የሚሠራ አነስተኛ ኮምፒውተር ነው። ልማዱ በአውሮፓና በአሜሪካ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ በዚያ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል በተለይ በኮምፒውተር ሙያ የተሰማሩት ይዘውታል። በአገር ቤት በዚህ ስም አይታወቅም እንጂ ዘመዱ አለ፤ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ማስጫን፣ ከጓደኛ ሃርድ ዲስክ ተውሶ ፊልም መገልበጥ፣ የሠርግ ቪዲዮን በፍላሽ ማስቀመጥ ሁሉ ፋይሉ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከእጅ እንዲገኝ የሚያደርጉ ዘዴዎች ናቸው። በውጭ ያለው ሰው ሰርቨር የሚተክለው በአመዛኙ ከኩባንያ ዓይን ለመራቅ ሲሆን፣ በአገር ቤት ያለው ግን መስመር ሲቋረጥ ባዶ እጁን ላለመቅረት ነው፤ የጥበቃው አሠራርም በዚህ ልዩነት መቃኘት ሲገባው፣ ለአውሮፓ ቤት የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ይወሰዳል።

የውጭውን ሁኔታ ለማየት ጀርመን ጥሩ ምሳሌ ናት። በዚያ አንድ ሰው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለውን፣ በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ኮምፒውተር ገዝቶ፣ ፋይል ለማኖር ኔክስትክላውድን፣ ፎቶ ለማደራጀት ደግሞ ኢሚችን ይጭንበታል፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙና ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች ናቸው። የሚያሳስበው የኤሌክትሪክ ዋጋ ነው፤ 5 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ 44 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ 60 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዴስክቶፕ ግን ከ525 በላይ ይፈጃል፤ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት በ35 የዩሮ ሳንቲም ቢሰላ፣ የመጀመሪያው 15 ዩሮ፣ ሁለተኛው 184 ዩሮ ያህል ያስከፍላል።

መብራትና መስመር በማያስቸግሩበት እንዲህ ባለው ቤት አደጋው የሚመጣው ከውጭ ነው። ባለቤቱ ሥራ ቦታ ሆኖ በቤቱ ያሉትን ፎቶዎች ማየት ሲፈልግ፣ ቀላል የሚመስለው መንገድ በራውተሩ ላይ ፖርት መክፈት፣ ማለትም ከኢንተርኔት የሚመጣ ማንኛውም ጥያቄ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ እንዲያልፍ መፍቀድ ነው፤ ነገር ግን የተከፈተውን ፖርት የሚያገኘው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ የዓለምን የአይፒ አድራሻዎች ያለማቋረጥ የሚያስሱ ፕሮግራሞች ብዙ ሳይቆዩ ይደርሱበታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዴድቦልት የተባለ የቤዛ ቫይረስ ኪውናፕ የተባለው ኩባንያ የሠራቸውን፣ ለኢንተርኔት የተጋለጡ ፋይል ማከማቻዎች ወርሮ፣ የሰዎችን ፋይሎች ከቆለፈ በኋላ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መክፈቻ 0.03 ቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። ፋይሎቻቸው የተቆለፉባቸው ሰዎች ከክላውድ ይልቅ የራሳቸውን ቤት ያመኑ ነበሩ።

የተሻለው መንገድ ዋየርጋርድን የመሰለ ቪፒኤን ነው፤ ቪፒኤን ማለት በሁለት መሣሪያዎች መካከል የሚዘረጋ፣ በውስጡ የሚያልፈው ሁሉ የተመሰጠረ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ወደ ሊነክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት (ከርነል) የገባው ዋየርጋርድ፣ እያንዳንዱን መሣሪያ ጥንድ በሆኑ ቁልፎች ይለያል፤ ሚስጥራዊው ቁልፍ ከመሣሪያው አይወጣም፣ ይፋዊው ደግሞ ለሌላኛው ወገን ይሰጣል። ትልቁ ጠባዩ ዝምታው ነው፤ ቁልፉን ለማያውቀው መሣሪያ ምንም መልስ ስለማይሰጥ፣ አሳሹ ፕሮግራም በዚያ በር ላይ ሰሚ መኖሩንም አያውቅም። በጀርመን ቤቶች የተለመደው ፍሪትዝቦክስ ራውተር ከስሪት 7.50 ጀምሮ ይህን በውስጡ ስለያዘ፣ ሥራው የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይኸው ምክር ገና ከመነሻው ይሰናከላል። በሞባይል ዳታ የሚጠቀም ቤት የራሱ የሆነ ይፋዊ የአይፒ አድራሻ የለውም፤ የቀድሞው የአድራሻ ሥርዓት ከ4.3 ቢሊዮን የማይበልጡ አድራሻዎች ብቻ ስላሉት፣ የቴሌኮም ድርጅቶች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያጋራሉ። ራውተሩ የሚያሳየው የውጭ አድራሻ በ10፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባሉት ቁጥሮች ከጀመረ፣ ቤቱ ከዚህ የጋራ በር ጀርባ ነው ማለት ነውና ፖርት ቢከፈትም ከውጭ የሚደርስበት የለም። ችግሩ የአፍሪካ ብቻ አይደለም፤ በጀርመንም አንዳንድ የኬብል ኢንተርኔት ደንበኞች በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ናቸው። በደኅንነት ረገድ ሲታይ ግን እንቅፋት የሚመስለው ነገር ጋሻም ነው፤ የዴድቦልት ዓይነቱ ጥቃት እንዲህ ባለ ቤት በቀጥታ አይገባም።

የአገር ቤቱ ሰርቨር ፊቱን ወደ ውስጥ ማዞር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ፣ በነሐሴ 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ክላውድ ላይ ያለ ሰነድ ሁሉ ለባለቤቱ እንደሌለ ሆኖ ነበር፤ የቤት ዋይፋይ ግን ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ሙሉውን የአማርኛ ውክፔዲያ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ጄሊፊን ደግሞ በሃርድ ዲስክ ያሉ ፊልሞችን ለቤቱ ቴሌቪዥንና ስልክ ሁሉ ያሠራጫል።

እዚህ ላይ መመሪያዎቹ የማይነግሩት አንድ ነገር አለ። ከራስፕቤሪ ፓይ 5 በፊት የነበሩት ሞዴሎች ሰዓት የሚይዝ አካል የላቸውም፤ 5ኛውም ቢሆን ባትሪው ለብቻው ካልተገዛ ያው ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ መሣሪያው ትክክለኛውን ሰዓት የሚጠይቀው ከኢንተርኔት ስለሆነ፣ መስመሩም አብሮ ከጠፋ ሰዓቱ መብራቱ በጠፋበት ጊዜ አካባቢ ላይ ይቀራል፤ በዚህም ምክንያት ከይለፍ ቃል ሌላ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየር ኮድ የሚጠይቅ መግቢያ ባለቤቱን ራሱን በር ላይ ይመልሰዋል። ለመሣሪያው የባትሪ ሰዓት፣ ለራውተሩም አነስተኛ ዩፒኤስ መግዛት፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ከየትኛውም የፋየርዎል ማስተካከያ ይቀድማል።

ዲስክን የመመስጠር ጉዳይም በሁለቱ አገሮች የተለያየ ክብደት አለው። የተመሰጠረ ዲስክ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ለወራት ሳይጠፋ በሚቆይበት በጀርመኗ ሙኒክ ይህ ምንም አይደለም፣ መብራት በሳምንት ደጋግሞ በሚሄድበት ሰፈር ግን ባለቤቱ መስክ ላይ ሳለ ቤተሰቡ ያለ አገልግሎት ይቀራል። መፍትሔው ሥርዓቱ ያለ ይለፍ ቃል እንዲነሣ አድርጎ፣ ፎቶና ሰነድ ያለበትን ክፍል ብቻ መመስጠርና መክፈቻውን በቤት ለሚውል አንድ የታመነ ሰው መስጠት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአሠሪዎቻቸው ቤት ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ግን ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ ነው፤ ራውተሩም የይለፍ ቃሉም የሰው ነው፣ ያላቸው የግል መሣሪያ ስልካቸው ብቻ ነው።

የቤት ሰርቨር የማይመልሰው አደጋም አለ። በሜሪላንድ የሚኖር፣ ለደኅንነቱ ሲባል ኪዳኔ በሚል የተሰወረ ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሶ ነበር፤ ክሱ በኢሜይል ከመጣ ሰነድ ጋር ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል የሚል ሲሆን፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብትን ጠቅሶ ውድቅ አድርጎታል። በላፕቶፑ ላይ የተቀመጠ ሰላይ ባለቤቱ የሚያየውን ሁሉ ስለሚያይ፣ ፋይሉ ጉግል ዘንድ መሆኑ ወይም ሳሎን ውስጥ መሆኑ ለውጥ አያመጣም።

የሙኒኩንና የአዲስ አበባውን ቤት አንድ ላይ ማሠራት፣ እያንዳንዱን ለብቻው ከማጠናከር ይልቅ ይጠቅማል። የአዲስ አበባው ሰርቨር ከውጭ ባይደረስበትም ራሱ ወደ ውጭ መደወል ይችላል፤ ዋየርጋርድን በየ25 ሴኮንዱ ትንሽ ምልክት እንዲልክ ማዘዝ፣ በቴሌኮሙ የጋራ በር ላይ መስመሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል። በዚህ መስመር ሬስቲክ የተባለው ፕሮግራም ፎቶዎቹን ከቤት ሳይወጡ መስጥሮ፣ በየቀኑ የተጨመረውን ብቻ ወደ ሙኒክ ይልካል፤ የሙኒኩም የራሱን ቅጂ እንዲሁ ይሰጣል፤ አንዱ ሌላው የላከለትን ሊያነብ አይችልም። የመጀመሪያው ቅጂ ግን በመስመር አይሞከርም፤ 500 ጊጋባይት በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ 23 ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ ተመስጥሮ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ወይም በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ፣ ከበርበሬና ከሽሮው ጎን ይላካል። የሬስቲክ ይለፍ ቃል ከጠፋ ቅጂውን የሚመልስ ማንም ስለሌለ፣ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ በሁለቱም ቤት፣ ከሰርቨሩ ራቅ ባለ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜም ጥቂት ፎቶዎችን ከቅጂው መልሶ አውጥቶ መከፈታቸውን ማየት የሥራው አካል ነው።