አፉን ከፍተህ እየው

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ስለ ዓሣ የሚያስተምረው አይፈልግም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ፣ ባለፈው ነሐሴ ጨረቃዋ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ኪይስ ላይ ከአንድ ካፒቴን ጋር ባሕር እስክወጣ ድረስ።

የፈለግነው ኩቤራ ስናፐር የሚባለውን ዓሣ ነው፤ በምዕራብ አትላንቲክ ካሉት ስናፐሮች ሁሉ ትልቁን። በመንጠቆ የተያዘው ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ሉዊዚያና ላይ የወጣ 56.6 ኪሎ ነው። የመጀመሪያዬ ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። ሆኖም «ኩቤራ!» ብዬ ጮህኩ። ካፒቴኑ ሳቀና የዓሣውን አፍ ከፍቶ ባትሪ አበራበት። ላንቃው ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች መልሕቅ ይመስላሉ፤ ይህ ግራጫ ስናፐር ነው። የኩቤራ የላንቃ ጥርስ ግን እንደ መልሕቁ ጭራ የለውም፣ ግማሽ ጨረቃ ብቻ ነው። የውሻ ክራንቻ የመሰሉት ጥርሶቹም ከላይም ከታችም እኩል ያገጠጡ ናቸው፤ አፉን ቢዘጋ እንኳ ይታያሉ።

አፍ አይቶ ዓሣ መለየት ለጣና ልጅ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። እኛ ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ላቤዮባርበሶች 15 ያህል ዝርያ ናቸው፤ ተመራማሪዎች የሚለዩዋቸው በአብዛኛው በአፍና በጭንቅላት ቅርጽ ነው። እኔ የማውቀው ግን ጥብሱን ብቻ ነበር።

ማጥመጃው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በልጅነቴ ከጓሮ የቆፈርኩት ትል፣ እንጨት ላይ የተጠመጠመ ክርና አንድ መንጠቆ ይበቁኝ ነበር። እዚህ ግን፣ ምግብ ቤት ውስጥ ዋጋውን አይቼ የምሸሸው ሎብስተር በሕይወቱ እያለ መንጠቆ ላይ ይሰካል። የሎብስተር ወቅት የሚከፈተው ሐምሌ መጨረሻ ላይ በፈረንጆች ኦገስት 6 ስለሆነ ከኩቤራው ወቅት ጋር ይገጣጠማል። ዓሣው ሲነክስም እንደ አገር ቤት መንጨቅ የለም። ክብ መንጠቆው ዝም ብለህ ስትጠቀልል ራሱ የአፉ ጥግ ላይ ይይዛል። ብቻ ፍጠን፤ ከዘገየህ ኩቤራው የሰጠመ መርከብ ውስጥ ገብቶ ክርህን ይበጥሰዋል።

ጨረቃ ለምን አስፈለገች? ኩቤራ በበጋቸው ሙሉ ጨረቃ ሰሞን ለመራባት አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ለአጥማጁ ምቹ የሆነው ያ ሰዓት ለዓሣው ከሁሉ የከፋው ነው። የጣና ነጭ ዓሣም እንዲሁ ክረምቱ ሲያልቅ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ይተማል፤ መረቡም የሚጠብቀው እዚያው ወንዞቹ አፍ ላይ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከመጡ በኋላ ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆለቆለ። ኩቤራም ዛሬ ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል።

ሌሊቱ ሳይነጋ ትልቁ መጣ። ክንዴ ዛለ፣ ካፒቴኑ ለካው፣ ፎቶ አነሳኝ፤ ከዚያም ክብደት ባለው ክር ወደ ጥልቁ መልሰን አወረድነው፤ ላይ ቢለቀቅ ሆዱ በአየር ተነፍቶ ሊሞት ይችላል። ልብላው ብልም አያዋጣም፤ ትልልቅ የኮራል ሪፍ ዓሣ ሲጓቴራ የሚባል፣ ምግብ ማብሰል የማያጠፋው መርዝ ሊኖርበት ይችላል።

ጠዋት ለወንድሜ ደወልኩ። «ሎብስተር አብልተህ ለቀቅኸው?» አለኝ፤ ስልኩ ውስጥ ሳቁ አላባራም።

ልክ ነው፣ ያስቃል። እኔ ገንዘብ ከፍዬ ነው የማጠምደው፤ በደንገል ታንኳ የሚወጣው ሰው ግን ካላጠመደ ልጆቹ አይበሉም። ልቀቅ ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ለእሱ የምመኝለት መልቀቅን አይደለም፤ በዚያች የመራቢያ ወር መረቡን ቢያወጣ የሚኖርበትን ሌላ ገቢ ነው።