ናፍጣ መኪና ስትገዙ ማርሹንም ጠይቁ

ናፍጣ መኪና ለመግዛት የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ሲሲውን ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ቱርቦ እንዳለው ነው። አዲስ አበባ ያለችው 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሯ ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ስለሚስብ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል፤ ነዳጅ ቢጨመርለት ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቶዮታ 5ኤል ሞተር 2,986 ሲሲ፣ ባለቱርቦው 2ኬዲ ደግሞ 2,494 ሲሲ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግን የሚበረታው ትንሹ ነው። 5ኤልን አልንቅም፤ ለጥገና ቀላል፣ ብዙ የሚችል ሞተር ነው። 2ኬዲ ግን ንጹሕ ናፍጣ ካላገኘ ኢንጀክተሮቹ ይጎዳሉ።

ስለ ማርሽ ግን ብዙም አናወራም። የናፍጣ ሞተር ጉልበት ያለው ዝቅ ባለ ዙር፣ በጠባብ ክልል ውስጥ ነው። ማርሹና ዲፈረንሻሉ እዚያ ካላቆዩት ትልቅ ሞተርም ይታፈናል። ለቁመና ተብሎ ትልቅ ጎማ ሲታሰር የማዝነው ለዚህ ነው፦ የጎማው ቁመት 10 በመቶ ሲጨምር ማርሾቹ ሁሉ በዚያው ልክ ይረዝማሉ፤ በሦስተኛ ይወጣ የነበረው ዳገት ሁለተኛ ይጠይቃል፣ ፍሪሲዮኑም ቶሎ ያልቃል።

ቁልቁለት ላይም ማርሽ ወሳኝ ነው። ብዙ የናፍጣ ሞተሮች እግር ሲነሳላቸው እንደ ቤንዚኑ አየሩን አንቀው አይዙም፤ ስለዚህ በረዥም ማርሽ መኪናውን ብዙም አይገቱትም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የምትወርዱ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፤ ፍሬኑ እንዳይግል እያሳረፋችሁት ውረዱ።