ጋቢውን ግለጡላት

የተደረገልኝን እመሰክራለሁ። በፍልሰታ ሱባኤ፣ ከማጂዋ ቱም ወጣ ብሎ ደን በከበበው አንድ ደብር፣ ከሞት አፋፍ ተመልሻለሁ። የመለሱኝ ጸሎትና መድኃኒት ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ለይቼ ማመስገን አልችልም።

ሱባኤ የገባሁት ነፍሴ ዕረፍት ሽታ ነው። ሰው ቆሎውንና በሶውን ቋጥሮ ይመጣል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፣ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰማል፣ ቅዳሴ እስኪያበቃ ውሃ እንኳ አይቀምስም። የማጂ አገር ነሐሴ ዝናቡ አያባራም። ጉሙ ከዛፎቹ ሥር እየተነሣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይመጣል። እዚያ ቆሞ የሚጸልይ ሰው የተበተነ ልቡ ይሰበሰባል፤ የእኔም ተሰብስቦ ነበር።

ወደ ቱም የወጣሁት ግን ከበበቃ ቆላ፣ ከቡናው ሥራ ነው። ወባ ትንኟ ከነከሰች በኋላ ቢያንስ ሳምንት፣ አብዛኛውን ጊዜም ከዚያ በላይ በሰውነት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ከቆላ ይዤው የመጣሁት በሽታ በሱባኤው መካከል ተነሣ። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ቀጥሎ ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ ወገቤና ጉልበቴ ከዱኝ። አብረውኝ ሱባኤ የያዙት እናቶች «ምች ነው» አሉ። በዚያ ሁኔታ ያየኝ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር።

ማሰሮ ጣዱ። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ዳማከሴና ጤና አዳም አፈሉ። በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ፤ የሚንተከተከውን ማሰሮ በእግሮቼ መካከል አድርገው በጋቢ ከነራሴ ሸፈኑኝ፤ ላዩ ላይ ሌላ ጋቢ ደረቡ። እንፋሎቱ ፊቴን መታው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የታፈነው አፍንጫዬ ተከፈተ፤ ብርዱ ለቀቀኝ። ከዚያ ላቡ ከግንባሬ እየወረደ ዓይኔን አቃጠለው፤ ቀሚሴ ከጀርባዬ ተጣበቀ፤ አየሩ ወፍሮ አልገባ አለኝ። ጆሮዬ ይጮህ ጀመር።

«እማማ፣ ልውጣ» አልኩ።

«ታገሺ የኔ ልጅ፤ ላቡ ካልወጣ ሕመሙም አይወጣ።»

በፍቅር ነው ያሉኝ፤ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው፤ በእንፋሎት በታፈነ ጋቢ ውስጥ ግን ላብ ይፈስሳል እንጂ አይተንም። በትኩሳት ላይ ሙቀት፣ በጾም ጥማት ላይ የላብ ጎርፍ ሲደመር ደም ይጎድላል፤ ልብ ይደክማል። እኔ ያኔ የማውቀው ዓይኔ መጨለሙን ብቻ ነበር።

የደብሩ አባት በዚያ ሲያልፉ ድምፄን ሰሙ።

«ጋቢውን ግለጡላት! ውሃ አምጡ!»

«አባቴ፣ ጾሜን…» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጾም ለጤነኛ ነው። የዛሬ ጾምሽ መታዘዝ ነው፤ ጠጪ።» ቀጥለው ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ፦ «ከየት ነው የመጣሽው?» ቆላ ማለቴን ሲሰሙ ወጣቶቹን ጠርተው ቃሬዛ አዘዙ።

በጭቃው ውስጥ እየተቀባበሉ ተሸክመውኝ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ጣቴን ወግተው ደሜን መረመሩ፤ ወባ ነው፣ ያውም ገዳዩ ፋልሲፋረም። የሰጡኝ ኮአርተም ነበር፤ አንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ3 ቀን፣ በጠቅላላው 24 ፍሬ። ይህ መድኃኒት ከደም ጋር በደንብ የሚዋሐደው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ነርሷ «ወተት ጠጪበት» አለችኝ። በፍልሰታ ወተት! ሳላመነታ ጠጣሁ፤ የደብሩ አባት የፈቱትን ማን ያስራል?

ከዳንኩ በኋላ በሌላ አገር የሆነውን ሳነብ አለቀስኩ። መስከረም 28 ቀን 2002 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ፣ በአሪዞና ሴዶና አቅራቢያ፣ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ አሠልጣኝ እየተመሩ በጋለ ድንጋይ ላይ ውሃ በሚፈስበት ድንኳን ታጭቀው ገቡ። ቀደም ብለው በበረሃ ያለ ምግብና ያለ ውሃ 36 ሰዓት ቆይተው ነበር። መሪው እንዲጸኑ ያበረታታቸው ነበር፤ 3 ሰዎች ሞቱ። በ2003 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አለው። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ይህን የላብ ሥርዓት በቅድስና ሲፈጽሙት የኖሩ ናቸው፤ እንደ ላኮታ ባሉት ዘንድ በየዙሩ መካከል በሩ ይከፈታል፣ ንጹሕ አየር ይገባል። ሥርዓቱን ከነጥንቃቄው የያዙት አባቶች የሚያውቁትን ያ አሠልጣኝ አላከበረም።

በእኛም ቤት ይህ ጥበብ አለ። በእንጦጦ ጠበል ለመጠመቅ ሲሉ የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ብዙዎች በነበሩበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ አስተምረዋል። ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው። የእኔም አባት ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ጸሎት አድርገውልኝ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩኝ።

ስለዚህ ሱባኤ የምታስገቡ አባቶችና እናቶች፣ በልጅነት ልለምናችሁ። የሚመጣውን ሰው ከቆላ ነው ወይ፣ መድኃኒት ይወስዳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሚያተኩሰውን ከማጠናችሁ በፊት ደሙ ይመርመር። ውሃ በአጠገባችሁ ይኑር። የታመመው «ልውጣ» ሲል ደካማ አትበሉት፤ ሰውነቱ እውነቱን እየተናገረ ነው። ጽናት መልካም ነው፤ የሰውን ጽናት በሕይወቱ መፈተን ግን ለማንም አልተፈቀደም። እኔ ዛሬም እጾማለሁ፣ ዛሬም ሱባኤ እገባለሁ፤ ይህን የቻልኩት አንድ አባት ከሥርዓቱ በፊት ነፍሴን ስላዩ ነው።